የጋኑ አንገት

በንጉሡ ዘመን ነው። ለማኅበር የተጠመቀው ጠላ ቀጠነ ብዬ ሚስቴን በዱላ መታኋት። ሰው «ተናዶ ነው» ይላል፤ ውሸት ነው፣ አስቤበት ነው የመታኋት። ክንዷን የሰበረው ዱላ ከአጠገቧ የነበረውን ጋንም ሰበረው።

ወጌሻ ክንዷን አሰረላት። እሷ ግን ስብርባሪውን ሁሉ አልጣለችም። የጋኑን አንገት አጥባ፣ በነጭ አፈር ቀብታ፣ ወንድሟን ልካ ከጎጆው ጫፍ ላይ ጉልላት አድርጋ አስቀመጠችው። ያምር ነበር። ቤታችን ወደ አርብ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ስለነበር፣ ገበያተኛው ቀና እያለ ይጣራል፦

«አያ! የጋኑስ አንገት ጉልላት ሆነ፤ የሴትዮዋ ክንድ ምን ሆነ?»

ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ጣራዬ ላይ የተጻፈብኝን ግን መንገደኛው ሁሉ ያነበዋል። አንድ ቀን ወጥቼ ነቀልሁትና አጥሩ ሥር ወረወርሁት።

በዚያው ሳምንት ዝናቡ በጣራው ጫፍ ገብቶ በታሰረው ክንዷ ላይ ተንጠባጠበ።

«እንግዲያ ዱላህን ትከልበት!» አለችኝ።

ዱላዬን አነሣሁ። ንቅንቅ አላለችም።

ዱላውን ጥዬ ወጣሁና፣ ዝናብ እየደበደበኝ አንገቱን በገዛ እጄ ወደ ቦታው መለስሁት። ከዚያ ወዲህ ጋኑ አንገቱን አቅንቶ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ኖርን።