ወርቅ ፈጪው

በላቦራቶሪው ጥግ ያለችው ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥም፤ የእሳቸው ናት። እኛ ወጣቶቹ «ወርቅ ፈጪው» እንላቸዋለን። ጋዋናቸው ከመታጠብ ብዛት ሳስቷል፤ ከቁልፎቹም አንዱ ከሴት ቀሚስ የተወሰደ ነው፣ አበባ አለበት። ምሳ ሰዓት ተንጫጭተን ስንወጣ «ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ» ይላሉ። ደርሰውብን አያውቁም።

ሥራቸው ወርቅ ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር ተዋህዶ የተሠራ ነጭ ዱቄት በትንሽ ሙቀጫ መፍጨት ነው። ዱቄቱ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ሲያዩት ሰማያዊ ያበራል፤ ሲፈጭ ግን ብርሃኑ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ይህን መዝግበው ዱቄቱን ማስወገድ ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው። እሳቸው ግን ከማስወገዳቸው በፊት አንዲት ጠብታ ማሟሚያ ፈሳሽ ጠብ ያደርጉበትና፣ ተመልሶ ሰማያዊ እስኪሆን ጎንበስ ብለው ይጠብቃሉ። ሁልጊዜ።

«ለሚጣል ነገር ምን ያለፋዎታል፣ ጋሼ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

ዓይናቸውን ከዱቄቱ ሳያነሱ፣ «አንዴ ሰው እንደተከፋ ሸኝቻለሁ» አሉ። «ይበቃኛል።»

ከዚያ መብራቱን አጠፉ። እጃቸው ሳይታወቃቸው ወደ ባለአበባዋ ቁልፍ ሄዶ፣ ክሯ አለመላላቱን ዳሰሰ።