ከጓሮው የሱፍ አበባ ውስጥ

ቀራንዮ ባለው ቤታችን ጓሮ እናቴ የተከለችው የሱፍ አበባ ነበር። ሥሩን ከጎረቤት አምጥታ ነው የተከለችው። እንደ ሌላው ሱፍ በየዓመቱ አይዘራም፤ አገዳው ሲደርቅ ታጭደዋለች፣ ክረምት ሲገባ ራሱ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። መስከረም ላይ የሰው ቁመት አልፎ አጥሩን ይሸፍነዋል።

በቀይ ሽብር ጊዜ አንድ ጠዋት የአብዮት ጥበቃዎች ለአሰሳ መጡ። ሲፈልጓት የነበረችው ተማሪዋ ታላቅ እህቴ በጓሮ በር ሮጣ አበባው መሃል ተኛች። እኔ የበሩን መቃን ይዤ ቆምኩ።

ቤቱን በርብረው ምንም አላገኙም። ሊወጡ ሲሉ አንደኛው ወደ ጓሮው ዞረ። ነፋስ ሳይኖር አገዳው ተነቃነቀ።

“እማማ፣ እዚያ ውስጥ ማነው?”

“ወፎች ናቸው ልጄ። ፍሬውን ለቅመው ጨረሱብኝ እኮ!” አለች እናቴ።

ድንጋይ አንስቶ በኃይል ወረወረ። ከአበባው ጫፍ ጥቂት ወፎች ቱር ብለው በረሩ። ሰውየው ሳቀና ጓደኞቹን ተከትሎ ወጣ።

እህቴን ስናወጣት ግንባሯ ተፈንክቶ ፊቷ በደም ርሷል። እንዳትጮህ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነበር። እናቴ ቁስሉን አጠበችላት።

በሳምንቱ ጎጃም ዘመዶቻችን ዘንድ ላክናት፤ በሕይወትም ተረፈች። እኔ ግን ለብዙ ዓመታት በር በተንኳኳ ቁጥር፣ ከመክፈቴ በፊት ዓይኔ መደበቂያ ይፈልግላት ነበር።