የግቢያችን ጉድጓድ

ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት በስላይድ ብቻ ያየሁትን መሣሪያ በእጄ የነካሁት፣ ኮምቦልቻ ያለ የመንግሥት ቤተ ሙከራ ለልምምድ ሲቀበለን ነው። አሠልጣኛችን "ሁላችሁም ከየቤታችሁ ውሃ ይዛችሁ ኑ" አሉን። እኔ ደሴ ካለው ግቢያችን ጉድጓድ ቀዳሁ። እናቴ ያስቆፈረችው ለሟቹ አባቴ ሰደቃ ብላ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ በነፃ ይቀዳበታል።

የየራሳችንን ውሃ ጀርም በሚያበቅሉ ሳህኖች ላይ አድርገን ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ አሳደርን፤ በማግስቱ አወጣናቸው። የእኔን ቢጫ ነጠብጣብ ወርሶታል።

"ይሄ የሽንት ቤት ፍሳሽ የገባበት ውሃ ነው። የማን ነው?" አሉ አሠልጣኙ።

ጠርሙሶቹ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነበር። የእኔን ጠርሙስ ከሌሎቹ መሀል ገፋሁት።

ሚኒባስ ውስጥ ደሴ እስክንገባ ድረስ ለእናቴ የምነግርበትን ቃል ስፈልግ መጣሁ። ምን ብዬ ልንገራት? የአባቴ ሰደቃ ሰው ያሳምማል ልበላት?

ግቢ ስገባ ጎረቤቶች ጀሪካናቸውን ደርድረው አባቴን ይመርቃሉ። እናቴ ፊቴን አየችና ብርጭቆ ሞልታ ሰጠችኝ።

"ደክሞሻል ልጄ። ቢስሚላህ ብለሽ ጠጪ።"

ጠጣሁት። የተማረችው ልጅ ስትጠጣ ሁሉም አዩ፤ ጀሪካናቸውንም መሙላት ቀጠሉ።