ከጣና የመጣው አሞሌ

የመቐለን የጨው ነጋዴ ልጆች፣ አሞሌ ጨው የሚመጣው ከጣና ሐይቅ ነው ብዬ አሳምኛለሁ። ያውም በአንድ ጠዋት፣ ያውም አባቶቻቸው በትምህርት ቤታችን በር ላይ ከዐፋር ያመጡትን ጨው ከግመል እያራገፉ። አታምኑኝም፣ ዐውቃለሁ። እኔም ብሆን አላምንም ነበር።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው። ጥሎት የሄደው መጋዘን ትምህርት ቤት ተባለ፣ እኔም መምህር ተባልኩ። እኔን ያስተማረኝ ሰው የለም። ከቄስ ትምህርት ቤት አጥር ውጭ ቆሜ፣ ውስጥ ያሉት እየተገረፉ የሚማሩትን ሳልገረፍ ተማርኩ። በከተማው እንደኔ የሚያነብ ነበር የሚል ካለ ይምጣና እንተያይ።

ተማሪዎቼም ያነባሉ። ችግሩ እሱ ነው። ሁሉም ዳዊት የደገሙ ስለሆኑ እየተወዛወዙ፣ በዜማ፣ አንድ ላይ ይሉታል። መጽሐፉን ገልብጬ ብሰጣቸው እንኳ አይደናቀፉም። «ምን ይላል?» ስላቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንደገና ያነቡልኛል። አማርኛው ከብዷቸው ይሆናል ብዬ በትግርኛ ጠየቅኳቸው። በትግርኛ ዝም አሉኝ።

በዚህ መሃል ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ተባለ። ልጆቹ ያነበቡት ገብቷቸው እንደሆነ ጠይቆ ያያል፣ ካልገባቸው መምህሩ ይባረራል። ሌሎቹ መምህራን የምስክር ወረቀት አላቸው። እኔ ያለኝ ምላሴ ብቻ ነው።

ዘዴ ፈጠርኩ። ሕፃን እንኳ የሚስቅበትን ውሸት እጽፋለሁ፤ ከሳቁ ገብቷቸዋል ማለት ነው። ጠመኔዬን አነሳሁና ሰሌዳው ላይ «የመቐለ አሞሌ የሚመጣው ከጣና ሐይቅ ነው። ግመሎች ተሸክመውት እየዋኙ ያመጡታል» ብዬ ጻፍኩ። ጨው ውሃ ውስጥ ምን እንደሚሆን ወጥ የቀመሰ ሁሉ ያውቃል። ዞሬ ሳቁን ጠበቅኩ።

አነበቡት። በዜማ። «እየዋኙ» የሚለው ላይ ደግሞ ድምፃቸውን እንዴት እንደሳቡት!

ከኋላ የሚቀመጠውን ረጅሙን ልጅ አስነሳሁት። ከአባቱ ጋር ጨው ሊያመጣ የሚወርድ ነው።

«ጨው የት ነው የምትጭኑት?»

«ዐፋር፣ የኔታ።»

«ግመል ሲዋኝ አይተህ ታውቃለህ?»

«ዋእ! ግመል ይዋኛል እንዴ?»

ልቤ ዘለለች። «ታዲያ ይሄ የተጻፈው ምንድነው?»

ሰሌዳውን አየ፣ እኔን አየ። «የኛ ግመሎች አይዋኙም፣ የኔታ። የተጻፉት ግን ይዋኛሉ።»

«ውሸት ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ውሸት ነው!» አሉ ሁሉም፣ በዜማ።

ሰሌዳውን አጠፋሁት። ምን ዋጋ አለው፣ በቃላቸው ይዘውታል። እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። እነሱም እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

ተቆጣጣሪው በማግስቱ መጣ፣ ካፖርቱን እንደለበሰ። «እስቲ ከተማራችሁት አሰሙኝ» አለ። ስንት ነገር አስተምሬያቸዋለሁ! ረጅሙ ልጅ ግን አሞሌውን ጀመረው፣ ሌሎቹ ተቀበሉት። ዐይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ሰውየውም ጨፍኗል፣ ካፖርቱ ከግራ ወደ ቀኝ ይወዛወዛል። ለካ እሱም ዳዊት ደጋሚ ኖሯል! ሊጠይቅ የመጣውን ረሳው።

«እንዲህ ያለ ንባብ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ! በርቱ፣ መምህር» አለኝ።

ልሸኘው ወጣሁ። በሩ ላይ ግመሎቹ ተንበርክከው ጨው ይራገፍላቸዋል። ቆም ብሎ አያቸው።

«ከጣና ድረስ!» አለ። «ደክሟቸዋል፣ ምስኪኖች።»

አፌን ከፈትኩ። ለጣልያን ወታደርም ለሚስቴም መልስ አጥቶ የማያውቅ አፍ ነው። እውነቱን ብናገር ግን ልጆቹ ምንም እንዳልገባቸው ያውቃል፣ እኔም ነገ ከግመሎቹ ጋር ጨው አራጋፊ ነኝ።

«አዎ ጌታዬ» አልኩ፣ «መንገዱ ሩቅ ነው።»

«መንገዱ ሩቅ ነው» አሉ ልጆቹ በመስኮት፣ በዜማ።

ሥራዬ ተረፈ። ዛሬም ያችው ክፍል ውስጥ ቆሜ «ምን ይላል?» እላለሁ፣ ዛሬም ያነቡልኛል።

ፈጠረው የምትሉ ካላችሁ መቐለ ኑ። ረጅሙ ልጅ አሁን የራሱ ግመሎች አሉት፣ ጨው ገበያ ታገኙታላችሁ። ጠይቁት! ብቻ «የኔታ የጻፉትን አንብበን ነው የመጣነው» እንዳትሉት። ከዚያ በኋላ ምንም ብትጠይቁት አዎ ነው የሚላችሁ።