አንደኛ የወጣው ባዶ አልበም

በዚያ ዓመት በእኛ ዘንድ አንደኛ የወጣው አልበም ውስጡ ምንም አልነበረበትም። ዘፋኝ የለው፣ ክራር የለው፣ ግጥም የለው። ስምንት ዘፈን ተብሎ ተጽፎበታል፤ ስምንቱም ዝምታ ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ። አንደኛ ያለው ደግሞ በውጫሌ ከተማ እንደሱ ጆሮ ያለው አይገኝም ይባል የነበረ ሰው ነው።

ሦስት ነበርን። እኔ ገበያው አጠገብ ባለች ሱቅ ስልክ እጠግናለሁ፤ በሜሞሪና በፍላሽ ዘፈን እጭናለሁ። ሁለተኛው ከሳዑዲ ተመልሶ ባጃጅ የገዛ ጓደኛችን ነው፤ ከኋላ ወንበሩ ሥር ያስገጠመው ድምፅ ማጉያ ገና ከመታጠፊያው መምጣቱን ይናገርበታል። ሦስተኛው ወፍጮ ቤት የሚሠራ ነው። ወፍጮው የሱ አይደለም፤ ባለቤቱ ደሴ የሚኖር ነጋዴ ነው። ይሁንና እዚያ ቆሞ ስላረጀ ከተማው ሁሉ “ባለ ወፍጮው” ይለዋል፤ እኔም እንደዚያው እለዋለሁ።

ልማዳችን እንዲህ ነበር። ዓመቱን ሙሉ የወጣውን አልበም ሁሉ እንሰማለን። ከዚያ አምስት እንመርጥና ጳጉሜን ስትገባ በየቀኑ አንድ አንድ እየሰማን እንፈርዳለን። ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ስድስተኛዋ ቀን የዓመቱ መናኛ አልበም የሚሰደብባት ናት፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የምንጓጓው ለሷ ነበር። አራቱን ቀን አመሻሽ ላይ ወፍጮው ሲዘጋ ባጃጇ ውስጥ ተጠጋግተን እንሰማለን። በአምስተኛው ቀን ባለ ወፍጮው ሥራውን በጊዜ ይዘጋና ወደ ሐይቅ ከተማ እንሄዳለን፤ ውሃው ዳር ዓሣ እየበላን አንደኛውን እንለያለን። ውጤቱን እኔ በቴሌግራም አወጣዋለሁ።

ፍርዱ የሦስታችን ነው ይባል እንጂ የባለ ወፍጮው ነበር። ሕጉንም ያወጣው እሱ ነው፤ አምባሰል የሌለበት አልበም አንደኛ አይወጣም። የአገራችንን ስም ይዞ የሚዞር ቅኝት እያለ እንዴት ሌላ ይመረጣል ይላል። አዲስ አበባ ያደገ ዘፋኝ አምባሰል ሲጫወት ከሰማ “ይሄ ልጅ ተራራውን ያየው በአውሮፕላን መስኮት ነው” ይላል። አንዷን ዘፋኝ “እህል ሳይገባበት የሚዞር ወፍጮ ናት፤ ጩኸት እንጂ ዱቄት የላትም” ብሏት ያቺን ሴትዮ ከዚያ ወዲህ በደህና ጆሮ ሰምቻት አላውቅም። ምላሱ ክፉ ነበር፤ የሚናገረው ግን ልክ ነው። ስለዚህ እንፈራው ነበር።

የኔ ቂም የጀመረው ከዚያ ባዶ አልበም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። አንዲት የደሴ ልጅ ያወጣችውን አልበም ሁለት ወር ሙሉ ሰማሁ፤ ከልቤ ወደድኩት። ጳጉሜን ልትገባ ሰሞን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ፣ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ፊት፣ ከስልኬ አጫወትኩለት። አንዱን ዘፈን እንኳ ሳይጨርስ እጁን አነሳ።

“አንተ! ጆሮህ ላይ ጆንያ አስረሃል እንዴ? ይሄ እኮ በርበሬ ፈጭተው ሳይጠርጉ ጤፍ የጨመሩበት ወፍጮ ነው!”

ሴቶቹ ሳቁ። ሳምንት ሳይሞላ ገበያው ውስጥ ስሜ “ጆንያ ጆሮ” ሆነ። ስልክ ሊያሠራ የሚመጣው ሁሉ “ጆንያ ጆሮ አለ?” እያለ ይገባል። ሚስቴ እንኳ ስትናደድ በዚያው ስም ትጠራኛለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ሆዴ ግን ይዞታል።

በተከታዩ ሐምሌ ማሽላ ላስፈጭ ሄድኩ። ወፍጮ ቤት ውስጥ ሰው በአፉ አያወራም፤ ሞተሩ አያሰማም። ሁሉ ነገር በጣት ነው። አንድ ጣት ሻካራ ይሁን፣ ሁለት ጣት ይድቀቅ ማለት ነው። ባለ ወፍጮው ጀርባውን ሰጥቶ ወለሉን ይጠርጋል። በዚህ መሀል እህሉ አለቀና ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ይፋጭ ጀመር። ያንን ድምፅ የሰማ ያውቀዋል፤ ጥርስ ያጠርሳል። ደህና የወፍጮ ሠራተኛ እንቅልፍ ላይ ቢሆን እንኳ ዘሎ ያጠፋዋል። እሱ ይጠርጋል። የተቃጠለ ድንጋይ ሲሸት አንዲት ሴትዮ ሮጣ ትከሻውን መታችው። ዘሎ ሞተሩን አጠፋና “ሐሳብ ይዞኝ ሄደ” ብሎ ሳቀ።

ሞተሩ ጸጥ ካለ በኋላ ከኋላው ቆሜ ቀስ ብዬ “ደንቆሮ” አልኩት። መጥረጉን ቀጠለ።

በሦስተኛው ቀን ሱቄ መጣ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ “ድምፁ ቀንሷል፤ እስቲ እየው” አለኝ። አንድ ዘፈን ከፈትኩበት። መንገደኛው ዞር ብሎ እስኪያየን ድረስ ጮኸ። እሱ ፊቴን ያይ ነበር፤ ነገሩን ከፊቴ ላይ አነበበው። በሩን ገፋ አደረገና ተቀመጠ።

“ካወቅህ አይቀር ልንገርህ ወንድሜ” አለ። “አምና ክረምቱ ሲገባ ነው የጀመረኝ። አሁን የሰው አፍ ሳይ ነው የምውለው። ያልገባኝ እንደሆን ‘እሱማ እውነት ነው’ እላለሁ፤ ሰው እውነት ነው ሲሉት ደስ ይለዋል፤ አይጠረጥርም። የወፍጮው ባለቤት ከሰማ ግን አንድ ቀን አያሳድረኝም። ጆሮ የሌለው ሰው ወፍጮ ያቃጥላል። ልጆች አሉኝ። በጀሊሉ ይዤሃለሁ፣ ለማንም እንዳትናገር።”

“ወላሂ ከአፌ አይወጣም” አልኩት። “አብሽር፣ አይዞህ።”

አፌን አፍጥጦ እያየ ሰማኝ። “ጳጉሜንስ?” አለ። “ያ ባለ ባጃጅ አወቀ ማለት ተሳፋሪው ሁሉ አወቀ ማለት ነው።”

መላውን ያመጣሁት እኔው ነኝ። ጎኑ እቀመጣለሁ። ዜማው በሚረግጥበት ልክ ጉልበቴን በእጄ መታ መታ አደርጋለሁ። አልበሙ ጥሩ ከሆነ አውራ ጣቴን ጉልበቴ ላይ አቆማለሁ፤ መናኛ ከሆነ እጄን እሰበስባለሁ። እሱ ጉልበቴን እያየ ይፈርዳል። ይሄን ስነግረው እጄን ይዞ ሳመኝ።

ከሄደ በኋላ ነው ሒሳቡን ያሰብኩት። አምና ክረምቱ ሲገባ። እኔን ያዋረደኝ አምና ክረምቱ ሲወጣ ነው። እንግዲያ ያንን አልበም አልሰማውም። ሁለት ወር ሙሉ የወደድኩትን፣ ጆንያ ጆሮ ያስባለኝን፣ ሳይሰማው ነው የፈረደበት። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሲያስብ ሊያዝንለት ይችላል። እኔ ደሜ ፈላ።

ጳጉሜን ገባች። አራቱን ቀን ቃሌን ጠበቅሁ። ጉልበቴን መታሁ፣ አውራ ጣቴን አቆምኩ፣ እጄን ሰበሰብኩ። እሱም ከጎኔ ሆኖ በዚያ ክፉ ምላሱ ፈረደ። ባለ ባጃጁ ቅንጣት አልጠረጠረም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ የወደድኩትን እሱ አመሰገነ፤ እኔ የጠላሁትን እሱ ሰደበ። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ የከተማው ጆሮ እኔ እሆን ነበር፤ እሱም እንጀራውን እየበላ ይኖር ነበር። በአራተኛው ቀን ግን እሱ ወደ ቤቱ ሲሄድ ለባለ ባጃጁ ሁሉንም ዘረገፍኩለት።

ባዶውን አልበም ቀድሜ አዘጋጅቼዋለሁ። ስምንት ድምፅ አልባ ፋይሎች ሠርቼ ለእያንዳንዳቸው ስም ሰጠሁ፤ ሦስተኛውን “አምባሰል” አልኩት። ሽፋኑ ላይ ፊቷን ወደ ተራራ ያዞረች ሴት ፎቶ አደረግሁ። የባጃጇን ድምፅ ማጉያ መዳፉን አስደግፎ ንዝረቱን እንደሚያውቅ ስለማውቅ በኢርፎን እንዲሰማ ወሰንኩ።

በአምስተኛው ቀን ሐይቅ ዳር ተቀመጥን። ዓሣው ተጠብሶ መጣ። “ይሄኛው ገና ለገበያ አልወጣም” አልኩት፤ አፌን እንዲያይ ቀስ እያልኩ። “ከስቱዲዮ ሾልኮ ነው የደረሰኝ። እስቲ አንተ ቅመሰው።” የኢርፎኑን አንዱን ጫፍ ለራሴ አድርጌ ሌላውን ጆሮው ውስጥ በገዛ እጄ ከተትኩለት።

ዓይኑን ጉልበቴ ላይ ተከለ። ቀስ ብዬ መታ መታ አደረግሁ፤ ራሱን ቀስ ብሎ ነቀነቀ። ስፈጥን ፈጠነ። ሳቆም አቆመ። ባለ ባጃጁ ሳቁን ለመዋጥ ፊቱን ወደ ውሃው አዙሯል። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ስልኩ ላይ “አምባሰል” የሚለውን ስም አሳየሁትና አውራ ጣቴን አቆምኩለት። ያኔ ባለ ወፍጮው ዓይኑን ጨፈነ። ጨፍኖ ብዙ ቆየ፤ ዓሣው ቀዘቀዘ።

ኢርፎኑን ሲያወጣ ፊቱ ላይ ስድብ አልነበረም።

“ይቺ ልጅ አትጮህም” አለ። “የጨነቀው ሰው ድምፁ ዝቅ ይላል እንጂ ከፍ አይልም፤ እሷ ይሄ ገብቷታል። አምባሰሏን ሰማኸው? ገደሉ ጫፍ ወስዳ ታቆምሃለች። አትገፋህም፤ አትመልስህም፤ ትታህ ትሄዳለች። እንዲህ ያለ አምባሰል የሰማሁት በልጅነቴ ነው። ክርክር የለውም፣ አንደኛ ነው።”

ባለ ባጃጁ በሳቅ ፈነዳ። መሬት ላይ ተንከባለለ ማለት ይቀላል። ባለ ወፍጮው ምን እንዳሳቀን አልገባውም። እንዲገባው ማድረግም ቀላል አልነበረም፤ ዘፈኑ ባዶ መሆኑን በድምፅ ማጉያ ከፍቼ ላሳየው አልችልም፤ ለሱ ሁሉም ባዶ ነው። ስለዚህ ስልኬ ላይ በትልቅ ፊደል ጻፍኩለት፤ “ባዶ ነው። ሳይሰሙ መፍረድ እንዲህ ነው።” ፊቱ ላይ ደቀንኩት።

ማያው ላይ የዓሣ ዘይት ነክቶት ነበር። በእጅጌው ጠረገውና ደግሞ አነበበው። ከዚያ ቀና ሲል መጀመሪያ ያየው ፊቴን አይደለም፤ ጉልበቴን ነው።

ደስ አለኝ። አሁን ሳወራው ልቤ ተሰበረ ብል ያምርልኝ ነበር፤ ግን ደስ ነው ያለኝ። እሱ ኢርፎኑን ሳይጠላለፍ በሥርዓት ጠቅልሎ ሰሃኑ አጠገብ አስቀመጠ። ወደ አስፋልቱ ወጣና ሚኒባስ ይዞ ብቻውን ወደ ውጫሌ ተመለሰ።

ወሬው ቀድሞት ነበር ለማለት ምንም አይቀረው። ባለ ባጃጁ ተሳፋሪ በጫነ ቁጥር ያወራዋል፤ ራሱን እንዴት እንደነቀነቀ መሪውን ለቆ ያሳያል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ባለ ወፍጮው ግን የተባለውን ሁሉ ከሰው ፊት ላይ ያነብ ነበር። ወፍጮ ቤት ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ድምፅ ሳያወጡ አፋቸውን እያንቀሳቀሱ ይፈትኑታል። እሱም “እሱማ እውነት ነው” ይላቸዋል። ሳቁ እስከ መንገድ ይሰማል። መስከረም ሳያልቅ ባለቤቱ ከደሴ መጥቶ ቁልፉን ተቀበለው።

አሁን ገበያ ውስጥ ባዶ ጆንያ ይሸጣል። የሚከራከረው በጣቱ ነው፤ ያን ልማድ ከወፍጮ ቤት ይዞት ወጣ።

እኔስ? ያለፈው ጳጉሜን የዓመቱን አምስት አልበሞች ብቻዬን መርጬ አወጣሁ። ጆንያ ጆሮ የሚለኝ የለም፤ ስሙን ከዕቃው ጋር እሱ ወስዶታል። አንደኛ ላወጣኋት ዘፋኝ የሚሆን ቃል አጣሁና የሱን ጻፍኩ፤ ገደሉ ጫፍ ወስዳ ታቆምሃለች፣ አትገፋህም፣ አትመልስህም፣ ትታህ ትሄዳለች። ሰው ተቀባበለው። ዘፋኟ ራሷ በገጿ ላይ ለጥፋ አመሰገነችኝ። የሷ አምባሰል ደህና ነው፤ እሱ ያኔ ከሰማው ግን አይደርስም።

ዘንድሮ ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ሚስቴ ያዘችኝ። በወላሂ ምዬ መካዴን ከባለ ባጃጁ ሰምታለች።

“ለመሐላዬ ሦስት ቀን ጾሜያለሁ፤ ከፋራው ወጥቷል” አልኳት።

“እሱ የአላህ ነው። የሰውየው ሐቅስ? አላህ የራሱን ይምራል፤ የሰውን ሐቅ ሰውየው ነው አፉ የሚል። ሰው በድለህማ ጾም አትገባም። ሄደህ አፉ በለኝ በለው።”

ሄድኩ። ጆንያዎቹ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያየኝ አልተነሳም፤ አልዞረም። ዓይኑ እንደ ልማዱ ወደ አፌ ሄደ። እኔ ጎንበስ አልኩ፤ ጆንያ የምመርጥ መስዬ ፊቴን ወደ መሬት ደፋሁ። ከንፈሬን እንዳያየው ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበረች፤ ስድቡን በትልቅ ፊደል እንደጻፍኩለት ይሄንንም መጻፍ እችል ነበር። ከዚያ በትንሽ ድምፅ፣ ለራሴ እንኳ በደንብ በማይሰማ ድምፅ፣ “አፉ በለኝ። ሆን ብዬ ነው ያጠፋሁህ” አልኩ።

“እሱማ እውነት ነው” አለ። ስንት ጆንያ እንደምፈልግ ለመጠየቅ ጣቱን አነሳ።

አንዱን ይዤ ቤት ገባሁ።

“ጠየቅኸው?” አለች ሚስቴ።

“ጠየቅሁት።”

“መለሰልህ?”

“መለሰልኝ።”

“አልሐምዱሊላህ” አለችና ጆንያውን ተቀብላኝ የረመዳኑን እህል ልትሞላበት ወደ ጓዳ ገባች።