በቀይ እርሳስ የሰረዝሁት መልስ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። አንባቢ ሆይ፣ ስማኝ እንጂ አትዘንልኝ።

በባሕር ኃይል ኮሞዶር ሳለሁ፣ ጦርነቱ ጋብ ባለበት ወቅት ከመርከብ ወደ መምሪያ ተዛውሬ አሠራሩን እንዳሻሽል ታዘዝሁ። ሹመት በዘመድና በእጅ መንሻ መሆኑ ይቅር፣ በፈተና ይሁን ብዬ ደንቡን የጻፍሁት እኔ ነኝ። የተፈታኙ ስም ተሸፍኖ በቁጥር ብቻ ይታረም ያልሁትም እኔ ነኝ።

ዋና መካኒኩ ተሰማ ለመኮንንነት ተፈተነ። ከዚያ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ፣ በሠልጣኞች ፊት ሰሌዳ ላይ የጻፍሁትን የነዳጅ ስሌት አይቶ፣ «ጌታዬ፣ በዚህ ስሌት መርከቧ መንገድ ላይ ትቀራለች» ብሎ አርሞኝ ነበር። እውነቱን ነበር። ሠልጣኞቹ ሳቁ። ስሙ ቢሸፈን የእጅ ጽሑፉ ይጠፋኛልን? አወቅሁት። አንደኛ የሚያወጣውን ወረቀት ይዤ ትክክለኛ መልሶቹን በቀይ እርሳስ አንድ በአንድ ሰረዝሁ። ጣልሁት። ደንቡን የጻፍሁት እኔ፣ ጣልሁት!

ዛሬ ሁለታችንም ካርቱም ነን። እርሱ ማዮ ሰፈር ውስጥ ራክሻ፣ የእኛን ባጃጅ መሆኑ ነው፣ ይጠግናል፤ እኔን አርካዊት ሰፈር ያለው ሐበሻ ሁሉ «የተሐድሶው አባት» እያለ ወንበር ይለቅልኛል። ምን ዓይነት ቅሌት ነው? ባለፈው ሳምንት ልቅሶ ቤት ተቀምጠን፣ የሶባ ሰፈር ሰዎች፣ እዚያ ለሚከፈተው የሞተር ጥገና ማሠልጠኛ አስተማሪ ሁን ብለው ተሰማን ለመኑት። ሳቀ።

«እኔ? ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ኮሞዶሩ እዚሁ አሉ፣ ጠይቋቸው! በዘመድ አድልዎ ብወድቅ ኖሮ እከራከር ነበር። በእርሳቸው ፈተና የወደቀ ግን፣ ኸላስ፣ አለቀ፣ ድንጋይ ራስ ነው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ። እኔም ፈገግ አልሁ። ፈገግ አልሁ! ሰውየው አርባ ዓመት ሙሉ ደንቆሮ ነኝ ብሎ አምኖ ኖሯል፤ እንዲያምን ያደረገው ያ የምመሰገንበት ደንብ ነው። ሌላ ሹም ቢጥለው ኖሮ ቢያንስ ይጠራጠር ነበር።

ዘመኑ ክፉ ነበር አልልም። ዘመኑ እርሳስ አልያዘም።

የሶባ ሰዎች መልሱን እስከ እሑድ ይጠብቃሉ። ነገ ማዮ ሄጄ፣ ደንበኞቹ እየሰሙ፣ ይህን አነብለታለሁ። ይቅር በለኝ አልለውም፤ እርሱ ይቅር ለማለት ይቸኩላልና። አስቀድሞ ይቆጣ።

ተሰማ፣ አልፈህ ነበር።