የጋሼ እንድርያስ እጅና የሻሼ ጠጉር

በአማን ከተማ ያደግን ወንዶች ሁሉ ጭንቅላታችንን ለጠጉር አስተካካዩ ለጋሼ እንድርያስ አስረክበን ነው ያደግነው። የሚያለቅስ ልጅ ሲገጥማቸው፣ ዝም ካላለ የጠጉሩን ግማሽ ብቻ ቆርጠው ወደ ትምህርት ቤት እንደሚሰዱት በለሰለሰ ድምፅ ይነግሩታል፤ ልጁም ዝም ይላል።

ያንን የጸና እጅ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ መንቀጥቀጥ ያዘው። አንድ ቀን የደንበኛቸውን የጆሮ ጫፍ በመቀስ ነካ አደረጉት። ሰውየው ምንም አይደለም ቢላቸውም፣ ሱቁን እዚያው ሠልጥኖ ላደገው ለአሞጽ ለቀው ቤት ዋሉ። መቀሳቸውን ግን አልሰጡትም፤ በጨርቅ ጠቅልለው ራስጌያቸው አኖሩት። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ሻይ እንኳ አይጠጡም ነበር። እጃቸው ከጋቢው ሥር አይወጣም።

በቤታቸው ሻሼ የምትባል ጠጉረ ረጅም ድመት አለች፤ መላ አካሏ ጥቁር ሆኖ አናቷ ብቻ ሻሽ ያሰረች ይመስል ነጭ ነው። ባለፈው የቡና ለቀማ ወራት በጎረቤታቸው በነጋዴው ጀይላን ግቢ፣ እሸት ቡና በተሞላ ጆንያ ላይ መተኛት ለመደች። የቡናው ጣፋጭ ፈሳሽ ጠጉሯን አጣበቀው፤ አቧራና ጭጎጎት ታከለበት። የጋሼ እንድርያስ ልጅ ሮዳስ አዝና በሳሙና አጠበቻት። ጣጣው የባሰው ያን ጊዜ ነው። የተቋጠረ ጠጉር ሳይፈታ ውኃ ከነካው ይበልጥ ይጠብቃል። በብብቷ ሥር ያለው ቋጠሮ እንደ ባና ደድሮ ቆዳዋን ይስባት ጀመር። ሻሼ ታነክስ ጀመር፤ ራሷን መላስም ተወች።

ሮዳስ በማሽን እንዲላጭላት አሞጽን ጠራችው። ማሽኑ ገና ድምፅ ሲያሰማ ሻሼ ቁም ሳጥኑ ላይ ወጣች። አሞጽም የተቧጨረ እጁን እያሻሸ፣ እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሞት እንደማያውቅ ተናግሮ ሄደ።

በማግሥቱ ጠዋት ልጠይቃቸው ስሄድ ጋሼ እንድርያስ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሮዳስን መቀሱን እንድታመጣላቸው ያዛሉ። እሷም አመነታች።

«አባባ፣ ቆዳዋ ስስ ነው።»

«አውቃለሁ። አምጪው።»

አመጣችው። ሻሼን ጭናቸው ላይ አጋድመው ቋጠሮውን ገለጡ። የመቀሱ ጫፍ ከቆዳዋ በላይ ወዲያና ወዲህ ይላል። እሱን እያዩ ቆዩ። ከዚያ ማንም ሳይናገራቸው መቀሱን ጨርቁ ላይ መልሰው አኖሩትና ማበጠሪያና ጥቂት የበቆሎ ዱቄት ጠየቁ።

ጠጉሩ እንዲንሸራተት ዱቄቱን ቋጠሮው ላይ ነሰነሱት። ቆዳው እንዳይሳብ በግራ እጃቸው ጠጉሩን ከሥሩ ያዙ፤ በቀኛቸው ማበጠሪያውን ከጫፍ ጀምረው ጥቂት በጥቂት አስገቡ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ማበጠሪያውም አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ቋጠሮውም በዚያው መንቀጥቀጥ ቀስ እያለ ይላላል። ሻሼ በመጀመሪያ ጥፍሯን አወጣች፤ ኋላ ጉሮሮዋ ይርገበገብ ጀመር።

ጀይላን ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ሲያይ ቆይቶ ኖሯል።

«ጋሼ እንድርያስ፣ የአሞጽ ማሽን መብራት ሲጠፋ ይቆማል። የእርስዎስ?»

ሮዳስ ደነገጠች። በዚያ ቤት ስለዚያ እጅ ማንም ተናግሮ አያውቅም ነበርና። ጋሼ እንድርያስ እጃቸውን አዩት። ከዚያ ጋቢው ከትከሻቸው እስኪንሸራተት ድረስ ሳቁ።

«የኔው ቆጣሪ የለውም» አሉ።

ቋጠሮው በአንድ ጀንበር አልተፈታም። ሻሼ ስትሰለች ይተዋሉ፤ በነጋታው ይቀጥላሉ። ሲለቅ ከሥሩ ያለው ቆዳ ቀልቶ ተገኘ፤ አየር ሲያገኝ ዳነ። አሁን ዝናቡ ጋብ ባለ ጠዋት ሁሉ በረንዳው ላይ ያበጥሯታል። ጀርባዋን ጠጉሩ በተኛበት አቅጣጫ፣ ሆዷን ሲነኳት ስለማትወድ ነካ ብቻ። ከጆሮዋ ኋላ ጭጎጎትና ቁንጫ ይፈልጋሉ። ጥቁሩ ጠጉሯ እንደገና ያብለጨልጫል።

በቅርቡ ሄጄ ስለ መቀሱ ጠየቅኋቸው።

«አሞጽ ወስዶታል። ሥራ ያለበት ቤት ይዋል እንጂ» አሉኝ።

ሮዳስ ሻይ አቀረበችልን። እሳቸውም ብርጭቆውን አነሡ፤ ጥቂት ሻይ ሻሼ ጀርባ ላይ ተንጠባጠበ። በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉላትና፣ እያየኋቸው፣ ጠጡ።